አድቨርብ የት ይቀመጣል? የእንግሊዝኛ ረቂቅ ሳርም ያስተዋልኩት

ሥራዬ በአብዛኛው ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ረቂቅ ማንበብና ማስተካከል ነው። ሪፖርት ይመጣል፣ ደብዳቤ ይመጣል፣ የሥራ ማመልከቻ ይመጣል። አልፎ አልፎ የመመረቂያ ጽሑፍም አለበት። ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ ናቸው። የቃላት ችግር የለባቸውም። ሰዋስዋቸውም ደህና ነው። እስክሪብቶዬ ደጋግሞ የሚያርፈው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ተውሳከ ግስ ላይ። ቃሉ በትክክል ተመርጧል፣ ፊደሉም አልተዛባም፣ የተቀመጠበት ቦታ ግን ልክ አይደለም።

ተውሳከ ግስ ስል እንግሊዞች አድቨርብ የሚሉትን ማለቴ ነው። ድርጊቱ እንዴት፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተፈጸመ የሚነግረን ቃል ወይም ሐረግ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አድቨርብ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ያጥራል። ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ በዚህ ጉዳይ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ቶሎ ይማራል።

የመማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በሠንጠረዥ ነው። አድቨርብ መጀመሪያ፣ መሃል ወይም መጨረሻ ላይ ይገባል ይሉና የቃላት ዝርዝር ይደረድራሉ። ሠንጠረዡ ስህተት የለበትም። ግን ሰው ሲጽፍ ሠንጠረዥ አያስታውስም። እኔ በተግባር የጠቀመኝ ነገር ሌላ ነው። መጀመሪያ ግሱን እፈልጋለሁ። ከዚያ አድቨርቡ የሚነካው የትኛውን ቃል እንደሆነ እጠይቃለሁ። የቀረው ከነዚህ ከሁለቱ ይወጣል።

ግሱን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይጠብቃል። «ልጁ ደብዳቤውን በጥንቃቄ አነበበ» ብንል ያስኬዳል። «ልጁ በጥንቃቄ ደብዳቤውን አነበበ» ብንልም ማንም አይቆጣንም። ግሱ እስካልተነቃነቀ ድረስ ከፊቱ ያሉት ቃላት እንደልባቸው ቦታ ይቀያየራሉ። እንግሊዝኛ ግን ግሱን መሃል ላይ ይተክላል። ባለቤቱ በአንድ ወገን፣ ተሳቢው በሌላ ወገን ይሆናል። እንደልብ መንቀሳቀስ እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን «ደብዳቤውን በጥንቃቄ አነበበ» የሚለውን ልብ በሉ። በጥንቃቄ የሚለው በተሳቢውና በግሱ መሃል ነው ያለው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ሂ ሬድ ኬርፉሊ ዘ ሌተር» ይሆናል። ለእኛ ጆሮ ምንም አይጎረብጥም። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ይጎረብጣል። ትክክለኛው «ሂ ሬድ ዘ ሌተር ኬርፉሊ» ነው። «ሂ ኬርፉሊ ሬድ ዘ ሌተር» ቢባልም ይሄዳል። ከግሱና ከተሳቢው መሃል መግባት ግን አይቻልም። በእንግሊዝኛ ግስና ተሳቢ ባልና ሚስት ናቸው፤ በመሃላቸው ሰው አይገባም።

በእጄ ከሚያልፉት ረቂቆች ውስጥ በዚህ በኩል በብዛት የማየው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ሺ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ» የሚለው ነው። መሆን ያለበት «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል» ነው። ሌላው «አይ ላይክ ቬሪ ማች ማይ ጆብ» ነው። እሱም «አይ ላይክ ማይ ጆብ ቬሪ ማች» መሆን አለበት። ሁለተኛው በተለይ በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ይበዛል። ሰው ለሥራው ያለውን ፍቅር ሲገልጽ ቬሪ ማች ካልገባ የቀለለ ይመስለዋል መሰለኝ።

ሕጉ ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው፣ ከግሱ በኋላ የሚመጣው በመስተዋድድ የሚጀምር ከሆነ ነው። ያን ጊዜ አድቨርቡ መሃል ቢገባ ችግር የለም። «ሂ ሉክድ ኬርፉሊ አት ዘ ፒክቸር» ፍጹም ትክክል ነው። «ሂ ሉክድ አት ዘ ፒክቸር ኬርፉሊ» ማለትም ይቻላል። ሁለተኛው፣ ተሳቢው በጣም ሲረዝም ነው። ተሳቢው አንድ መስመር ሙሉ ከያዘ አድቨርቡን መጨረሻ ላይ መወርወር አንባቢውን ያደክማል። አንባቢው እዚያ ሲደርስ አድቨርቡ ስለየትኛው ግስ እንደሆነ ይጠፋዋል። ያን ጊዜ አድቨርቡ ከተሳቢው ቀድሞ ቢገባ ይፈቀዳል። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ከግሱ በፊት አስገብቼው እገላገላለሁ።

ወደ ድግግሞሽ እንለፍ። ኦልዌይስ፣ ዩዡዋሊ፣ ኦፍን፣ ሳምታይምስ፣ ሬርሊ፣ ኔቨር። እነዚህ ወንበራቸው መሃል ነው፤ ከዋናው ግስ በፊት። «ሺ ኦልዌይስ ካምስ ኧርሊ።» ግሱ ቢ ከሆነ፣ ማለትም ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ የመሳሰለው ከሆነ፣ ከእሱ በኋላ ይሄዳሉ። «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት።» ረዳት ግስ ካለ ከረዳቱ ቀጥሎ ይገባሉ። «ሺ ሃዝ ኦልዌይስ ሄልፕድ አስ።» ረዳቶቹ ሁለት ከሆኑ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ነው። «ዘ ፎርም ሃዝ ኔቨር ቢን ዩዝድ።»

እዚህ ላይ የኛ ሰው የሚስተው አንድ የታወቀ ቦታ አለ። «ኦልዌይስ ሺ ካምስ ኧርሊ» ብሎ ይጽፋል። ለምን እንደሆነ ስትመረምሩት አማርኛው ውስጥ ታገኙታላችሁ። እኛ «ሁልጊዜ ቀድማ ትመጣለች» ነው የምንለው። ባለቤቷ ግሱ ውስጥ ስላለች «እሷ» ማለት አያስፈልገንም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚለው ቃል ራሱን ዓረፍተ ነገሩ አፍ ላይ ያገኘዋል። እንግሊዝኛ ባለቤቱን መጥራት ግድ ሲለን፣ ሺ የምትለውን ከኦልዌይስ ኋላ እንሰካታለን። መላው ባለቤቱን አስቀድሞ መጻፍ፣ ከዚያ ወደ ድግግሞሹ መሄድ ነው።

ሳምታይምስ፣ ዩዡዋሊ እና ኦፍን አንዳንዴ መጀመሪያ ላይ ይመጣሉ። «ሳምታይምስ ሺ ካምስ ኧርሊ» ቢባል ምንም አይደለም። ኦልዌይስና ኔቨር ግን በተራ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አይቆሙም። ትእዛዝ ሲሆን ብቻ ይፈቀድላቸዋል። «ኦልዌይስ ሎክ ዘ ዶር።» «ኔቨር ኦፕን ዚስ ቦክስ።» እዚያ ባለቤት ስለሌለ የሚቀድማቸው የለም። ኔቨር አሉታውን ራሱ እንደተሸከመም አትርሱ። እኛ «በጭራሽ አይመጣም» ስንል ግሱንም አሉታ እናደርጋለን። እንግሊዝኛው «ሂ ኔቨር ካምስ» ነው እንጂ «ሂ ኔቨር ዳዝንት ካም» አይደለም።

ጥያቄ ላይ ቀላል ነው። አድቨርቡ ባለቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። «ዱ ዩ ኦፍን ራይት?» «ኢዝ ሺ ኦልዌይስ ሌት?» አጭር መልስ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጥና ከረዳቱ በፊት ይመጣል። «የስ፣ አይ ዩዡዋሊ ዱ።» ይሄ በጽሑፍ እምብዛም አያጋጥምም። ለንግግር ነው የሚጠቅመው።

በየቀኑ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየወሩ የሚሉትን ሐረጎች ከነኦልዌይስ ጋር አታምታቱ። በአማርኛ ሁልጊዜ እና በየቀኑ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። «ሁልጊዜ እጽፋለሁ»፣ «በየቀኑ እጽፋለሁ»። በእንግሊዝኛ ወንበራቸው ለየብቻ ነው። «አይ ኦልዌይስ ራይት» ይባላል፤ «አይ ኤቭሪ ዴይ ራይት» ግን አይባልም። ኤቭሪ ዴይ መጨረሻ ላይ፣ ካልሆነም መጀመሪያ ላይ ይገባል። ከአንድ ቃል በላይ የሆኑ የጊዜ ሐረጎች መሃል መግባት አይወዱም ብላችሁ ብትይዙት ብዙም አትሳሳቱም።

አሉታ ላይ ትንሽ ረጋ ማለት ይገባል። «አይ ዶንት ሪሊ ኖው» እና «አይ ሪሊ ዶንት ኖው» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለስለስ ያለ ነው፤ እርግጠኛ አይደለሁም እንደማለት። ሁለተኛው ቆፍጠን ያለ ነው፤ ከምሬ አላውቅም ማለት ነው። ልዩነቱ የመጣው ከቦታው ነው። አሉታው ቀድሞ ከመጣ ሪሊን ይውጠዋል። ሪሊ ከቀደመ ደግሞ አሉታውን ያጎላዋል። ፕሮባብሊም ቦታውን ይለዋውጣል። «ሺ ዊል ፕሮባብሊ ካም» እንላለን፤ ወደ አሉታ ስንለውጠው ግን «ሺ ፕሮባብሊ ዎንት ካም» ይሆናል። በመጀመሪያው ከረዳቱ በኋላ ነበር፣ በሁለተኛው ከፊቱ ወጣ። ምክንያቱን መርምራችሁ ከምትደክሙ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በቃላችሁ ያዟቸው።

ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ብዙ አድቨርቦች ሲሰበሰቡ አማርኛችን ይጠቅመናል። አማርኛ ላይ ብዙውን ጊዜ መቼ፣ ከዚያ የት፣ ከዚያ እንዴት ብለን ነው የምንደረድረው። «ትናንት አዳራሹ ውስጥ ግሩም አድርጋ ዘፈነች።» እንግሊዝኛው በትክክል ግልባጩ ነው፤ እንዴት፣ የት፣ መቼ። «ሺ ሳንግ ቢዩቲፉሊ ኢን ዘ ሆል የስተርደይ።» ቅድም ግስና ተሳቢ ላይ ጉድ ያደረገን መገልበጥ እዚህ ላይ ልክ ሆኖ ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ግሱ የጉዞ ግስ ከሆነ ቦታው ይቀድማል። «ሺ ዌንት ሆም ክዊክሊ» ነው የሚባለው፤ «ሺ ዌንት ክዊክሊ ሆም» ጆሮ ይቆረቁራል።

አሁን ወደምወደው ቃል መጣን። ኦንሊ። ሌላውን አድቨርብ ቦታውን ብታሳስቱት አንባቢው ትንሽ ቅር ይለው ይሆናል እንጂ መልእክቱ ይደርሰዋል። ኦንሊን ካሳሳታችሁ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ነገር መናገር ይጀምራል። በሥራ መመሪያ፣ በውልና በደንብ ጽሑፍ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። እነዚህን ሦስቱን ተመልከቱ።

«ኦንሊ ዘ ማኔጀር ካን ሳይን ዘ ፎርም።» ፎርሙን መፈረም የሚችለው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው።

«ዘ ማኔጀር ካን ኦንሊ ሳይን ዘ ፎርም።» ሥራ አስኪያጁ የሚችለው ፎርሙን መፈረም ብቻ ነው፤ መለወጥ ወይም መሰረዝ አይችልም።

«ዘ ማኔጀር ካን ሳይን ኦንሊ ዘ ፎርም።» ሥራ አስኪያጁ መፈረም የሚችለው ፎርሙን ብቻ ነው፤ ሌላ ሰነድ አይፈርምም።

ቃላቱ ያው ናቸው። የተንቀሳቀሰው ኦንሊ ብቻ ነው። ሥልጣኑ ግን ሦስት ቦታ ተከፈለ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲመጣልኝ ጸሐፊውን ሳልጠይቅ አላስተካክልም። ምን ለማለት እንደፈለገ ገምቼ ባንቀሳቅሰው ደንቡን ያወጣሁት እኔ እሆናለሁ።

ይህን ነገር አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ መረዳት ይችላል። ብቻ የሚለው ቃላችን ራሱ እንዲህ ነው የሚሠራው። «እኔ ብቻ አየሁት» እና «እሱን ብቻ አየሁ» አንድ እንዳልሆኑ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ልዩነቱ፣ «ብቻ» የሚገድበውን ቃል ከኋላው ይከተለዋል፤ ኦንሊ ግን ከፊቱ ይቆማል። ስለዚህ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር በአእምሯችሁ አስቀምጡና ብቻ የተለጠፈበትን ቃል ፈልጉ። ከዚያ ኦንሊን ከዚያው ቃል ፊት አድርጉት። «እንኳን» የሚለውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። «እሱ እንኳን ገባው» ለማለት «ኢቭን ሂ አንደርስቱድ» ነው።

እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች ሲናገሩ ኦንሊን ብዙ ጊዜ ከግሱ በፊት ይወረውሩታል። የሚገድበውን ቃል ደግሞ በድምፃቸው ያጎሉታል። «አይ ኦንሊ ሶ ሂም የስተርደይ» ብሎ የስተርደይን ጫን ያለ ሰው፣ ያየሁት ትናንት ብቻ ነው፣ ዛሬ አላየሁትም ማለቱ ነው። ወረቀት ላይ ያ ድምፅ የለም። ለዚህ ነው ስትናገሩ ብዙ የማልጨቀጭቃችሁ፣ ስትጽፉ ግን የምቆጣው። ከቃሉ ኋላ የሚቆም ኦንሊም አለ፤ «ስታፍ ኦንሊ» የሚል በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ዓይነት። እሱን ለማስታወቂያው ተዉለት።

ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን የሚነኩ አድቨርቦችም አሉ። «ክሊርሊ፣ ሂ ዲድንት ኤክስፕሌይን ኢት» ማለት እንዳላስረዳው ግልጽ ነው ማለት ነው። «ሂ ዲድንት ኤክስፕሌይን ኢት ክሊርሊ» ካላችሁ ግን አስረድቷል፣ ማስረዳቱ ነው ግልጽ ያልነበረው። መጀመሪያ ላይ ኮማ ተከትሎት ሲመጣ የተናጋሪው አስተያየት ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሲሆን የድርጊቱ ሁኔታ ይሆናል። ፉሊሽሊ የሚለውም እንዲሁ ነው። «ሂ ፉሊሽሊ አንሰርድ» ሲባል መመለሱ ራሱ ሞኝነት ነበር፤ ዝም ማለት ይሻለው ነበር። «ሂ አንሰርድ ፉሊሽሊ» ሲባል ግን መልሱ ነው የሞኝ የሆነው።

ሃርድና ሃርድሊን ለድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ብዬ ላንሳ። «ሂ ወርክስ ሃርድ» ማለት ጠንክሮ ይሠራል ነው። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ማለት ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር እምብዛም አይነካም ነው። ሊ የምትለዋን ጭራ ለማሳመር ብሎ የጨመረ ሰው የሚያመሰግነውን ሰው ሥራ ያሳጣዋል።

ኢናፍን በአጭሩ ልበል። ቅጽል ላይ ከኋላ፣ ስም ላይ ከፊት። «ጉድ ኢናፍ»፣ «ኢናፍ ታይም»። ኦልሬዲ መሃል ይገባል፣ «የት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (ገና እንደማለት) በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ስቲል ደግሞ ከአሉታው በፊት ነው። «ሺ ስቲል ሃዝንት ካም»፣ «ሺ ሃዝንት ካም የት»። ሁለቱም ገና አልመጣችም ነው፤ የስቲሉ ግን ትንሽ መሰልቸት አለበት። ስንጠብቅ ቆመን ቀረን እንደማለት።

ኔቨርን ወይም ሬርሊን መጀመሪያ ላይ አድርጎ ግሱን መገልበጥም አለ። «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን ሰች ኤ ቲንግ» ዓይነት። ትክክል ነው፣ ያምራልም። ለንግግር አዋቂና ለልብ ወለድ ጸሐፊ ተዉት። ወርሃዊ ሪፖርት ላይ ሳየው ግን ሳቄ ይመጣል።

ቱ ከሚለውና ከግሱ መሃል አድቨርብ አይገባም የሚል መምህር ይኖራችሁ ይሆናል። «ቱ ኬርፉሊ ቼክ» አይባልም የሚሉ ማለቴ ነው። ክልከላው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዋስው ጸሐፊዎች የተወረሰ ነው። ዛሬ የሚያከብረው ጥቂት ነው። የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ሳታፈርሱት ዓረፍተ ነገሩ የሚያምር ከሆነ አታፍርሱት። አድቨርቡን ስታወጡት ትርጉሙ የሚምታታ ከሆነ ግን ያለ ፍርሃት መሃል አስገቡት።

ረቂቃችሁን ራሳችሁ ማረም ከፈለጋችሁ እኔ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ንባብ ይዘቱን ተዉትና ግሶቹን ብቻ አስምሩባቸው። ግሱ ተሳቢ ካለው ሁለቱን በአንድ መስመር አያይዟቸው። በመስመሩ ውስጥ የተያዘ አድቨርብ ካገኛችሁ፣ ተሳቢውን የሚገድብ ኦንሊ ካልሆነ በቀር፣ አውጡት። ወዴት እንደምትወስዱት ከጠፋችሁ፣ እንዴት፣ የት፣ መቼ የሚለውን ወደ መጨረሻ ላኩት። ድግግሞሽ ከሆነ ከዋናው ግስ ፊት አድርጉት። ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ሁለት ቦታ ላይ ያስኬዳል ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያስኬዳሉ ማለት ነው፤ አንዱን ምረጡና እለፉ።

ሌላም አለ። አድቨርቡን አውጥታችሁት ዓረፍተ ነገሩ ምንም ካልጎደለው መልሳችሁ አታስገቡት። ቬሪ፣ ሪሊ፣ አክቹዋሊ የሚባሉት ከሚመጡልኝ ረቂቆች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ያለ ሥራ የተቀመጡ ናቸው።

የኮምፒውተር ማረሚያዎችን እጠቀማለሁ፤ አልጠላቸውም። «ሺ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ» የሚለውን ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ይይዙታል። ኦንሊ ላይ ግን አትመኑባቸው። ሦስቱም የሥራ አስኪያጁ ዓረፍተ ነገሮች ሰዋስዋቸው ትክክል ስለሆነ ቀይ መስመር ላይመጣባቸው ይችላል። ማሽኑ መፈረም የሚችለው ማን እንደሆነ አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ከመላካችሁ በፊት ኦንሊ የሚለውን በፍለጋ አውጡትና የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ በዓይናችሁ እዩት።